የአያ ኪሮስ የኋላ መብራት

የአያ ኪሮስን ሞት የሰማሁት ነገሌ ቦረና ገበያ ሽንኩርት እያስመዘንሁ ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ነው፣ በር ተንኳኩቶ ነው፣ የሚደግፍ ዘመድ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው። የአክስቴ ልጅ ዘነበች ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ግን ከሰቆጣ ነገሌ ድረስ መጥቶ ማን በሬን ያንኳኳል? ስለዚህ ደወለች። ደውላም እንደ ወጉ ከሰላምታ ጀመረች፤ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ባለቤትሽ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ፣ ጾሙን እንዴት ያዛችሁት…

«ዘነበች፣ ካርድሽ እያለቀ ነው። ምን ሆነሻል?» አልኋት።

«የሥጋ ዘመዷ ስላልሆኑ በስልክ ብትነግሪያትም አይከፋም ብለውኛል፤ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው» አለች። «አያ ኪሮስ ዐረፉ።»

«ውይ! በሞተር?»

«ኧረ ምን በሞተር! አልጋቸው ላይ ነው፤ ተናዝዘው፣ ቆርበው። ደረታቸውን ታመው ነበር የሰነበቱት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሞተሯ ግን ቀብር ሄዳለች።»

«ምን አልሽ?»

«ከአስከሬኑ ኋላ ኋላ ነበረች አሉ። እዚያ ኩርባ ላይ ሲደርሱ መብራቷ…»

ካርዷ አለቀ።

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቅሁ። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኗን እንደያዘች አፍጥጣ ታየኛለች። «ተወለደልሽ?» አለችኝ። «ሞተብኝ» አልኋት፤ ይህን ስል ነው እንባዬ የመጣው። ሴትዮዋ ተደናግጣ ሁለት ሽንኩርት መረቀችልኝ።

ለምን እንደሳቅሁ ለማስረዳት ከመነሻው መጀመር አለብኝ።

ሞባይል ሰቆጣ ገና በገባበት ሰሞን እኔ የጤና ጣቢያው የክትባት ነርስ ነበርሁ፤ አያ ኪሮስ ደግሞ ሞተረኛው። የክትባቱን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ከኋላቸው እቀመጥና ወደ አምደወርቅ በሚወስደው መንገድ በየቀበሌው እየከተብን እንውላለን፤ ማምሻችንን አምደወርቅ ገብተን እናድራለን። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ የራስ መከላከያ ሄልሜት ሰጥቷቸው ነበር፤ ቤታቸው ዶሮ ታቅፍበታለች። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ከዶሮዋ በቀር ቤታቸው ውስጥ የሚጠብቃቸው አልነበረም።

ሞተሯን ከማስነሣታቸው በፊት ጆሮአቸውን ታንከሯ ላይ ለጥፈው ያወዛውዟታል፤ ቤንዚኑን የሚለኩት በድምፅ ነው። ዳገት ላይ ስትለግም በኽምጣኛ ይሰድቧታል፤ ስትወጣላቸው በአማርኛ ያመሰግኗታል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠይቄአቸው ነበር። «ስድብ የሚጥመው በአፍ መፍቻ ነው፤ ምስጋናውን ግን ኃላፊያችንም ቢሰማው አይከፋም» አሉኝ። እኔ ከኋላ ሆኜ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ጉድጓድ ሲመጣ ጸሎቴ ይቆረጣል። «ሲስተር፣ ከየት ላይ ነው የቆምሽው? ከዚያው ቀጥይ እንጂ፤ ዳገቱ እየመጣ ነው» ይሉኛል።

አያ ኪሮስ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አያልፉም። ይህ እኔን ደስ ሊያሰኘኝ በተገባ ነበር። ችግሩ እኔ የማውቀው ከመንገድ የሚታየውን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሳቸው የማይታየውንም ያውቃሉ። ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ድንገት ፍሬን ይይዛሉ፤ እኔ ከነሣጥኔ ጀርባቸው ላይ እለጠፋለሁ፤ እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው ያማትባሉ።

«አያ ኪሮስ፣ እዚህ ደግሞ ምን አለ?»

«ያ ጋራ ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«ከሱ ጀርባ ሌላ ጋራ አለ።»

«እሺ።»

«ከዚያኛው ጀርባ ጊዮርጊስ አለ።»

የሞተሯ የኋላ መብራት ከተሰበረ ዘመን የለውም። አሠሩት እንጂ በተባሉ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከፊት የሚመጣውን እኔ አያለሁ፤ ከኋላ የሚመጣውን እግዜር ያያል።»

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አቧራው በቆመበት መንገድ ላይ፣ ለአንዲት የማትታይ ማርያም ፍሬን ያዙ። ከኋላችን ሰውና ጤፍ ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ነበር። ሹፌሩ ያየን አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ነው። መሪውን ጠመዘዘው፤ የካሶኒው ጎን ትንሽ ገፋ አደረገን፤ እኔም፣ አያ ኪሮስም፣ ሞተሯም ተያይዘን ቁልቋል ውስጥ ገባን። ሣጥኑን እንዳቀፍሁት ነበር፤ ክትባቱ አልተነካም። እሾሁን ግን ለሳምንት ያህል ስነቅል ሰነበትሁ፤ የት የት እንደነበረ አልጽፈውም።

ሹፌሩ፣ ግደይ የሚባል ቁጡ ሰው፣ ወርዶ ጮኸብን። «መንገድ መሃል ምን ይገትራችኋል?»

«ማርያምን እየተሳለምን ነው!» አሉ አያ ኪሮስ ከቁልቋሉ ውስጥ።

«የት አለች ማርያም?»

እሾህ በተሰካ ጣታቸው ጋራውን አሳዩት። ግደይ ጋራውን አየ፣ እኛን አየ፣ ቆቡን አወለቀና አማተበ። «ታዲያ መብራት አብርተህ አትሳለምም!» አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ኪሮስ ንግግራቸውን ለወጡ። «እግዜር ያያል። ሹፌር ግን እግዜር አይደለም።» ግደይም በጸጸቱ ከመቀሌ ሲመለስ የእርቅ ዕቃ ይዞላቸው መጣ፤ የጭነት መኪና ሹፌሮች ለጌጥ የሚሰቅሏቸው፣ ሽምብራ የሚያህሉ፣ ኤል ኢ ዲ የሚባሉ ቀያይ የመብራት ፍሬዎች።

መብራቱ የተሠራው አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ቀን ቀን መብራት ስለማይኖር አያ ኪሮስ ሽቦ የሚያጣብቀውን ስታኞ ለማቅለጥ ትልቅ ምስማር በከሰል አጋሉ። የጋለውን ምስማር በሕክምና መቆንጠጫ እያነሣሁ የማቀብል እኔ ነበርሁ። ፍሬዎቹን ከባትሪው ጋር ሲያገናኟቸው አልበራ አሉ። ኽምጣኛው ተጀመረ። ኋላ ሽቦዎቹን ግራና ቀኝ ቢያለዋውጧቸው ቦግ! «አሃ፣ ይቺ እንደ በቅሎ ናት፤ በግራ በኩል ካልመጡባት አታስቀምጥም» አሉ። የመጀመሪያዋ ፍሬ ትንሽ በርታ ጤሳ ሞተች፤ ባትሪው በዝቶባት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ኃይል የምትቀንስ ቁራጭ ነቅለው መሃል አስገቡላቸው፤ ከዚያ በኋላ አንድም አልሞተ።

ሥራው አልቆ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ካለቀ የቅባት ጣሳ በተቆረጠ ቆርቆሮ ላይ ተሰካ። «በይ፣ ከኋላ ሆነሽ እይልኝ» ብለው ፍሬን ረገጡ። ቀይ መስቀል በራ። ያማረ፣ ጫፎቹ ሁሉ የተቀረጹ፣ ካህን እጅ ላይ ያለ የሚመስል መስቀል።

«እንዴት ነው ሲስተር?»

«ያምራል።»

«ውጪያ ታዲያ፤ እስከ አደባባዩ እንሞክራት።»

«አልወጣም።»

«ምን ሆንሽ?»

«መስቀል ላይ ልቀመጥ ነው እንዴ፣ አያ ኪሮስ?»

ወንበሩን አዩ፤ መብራቱን አዩ፤ እኔን አዩ። «ላዩ ላይ አይደለምሳ። ከበላዩ ነው።»

«ያው ነው።»

«መሃል ላይ ቆርቆሮ አለ።»

«ቆርቆሮ ምን ይጋርዳል?»

ከዚያ ካቻቢቴያቸውን አንሥተው ያን ሁሉ ድካማቸውን አንድ በአንድ ፈቱት። እኔም ምስማሩን ደግሜ አጋልሁ። በሁለተኛው ሥራ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆነ፤ ዳር ዳሩ ሁልጊዜ የሚበራ፣ መሃሉ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ቦግ የሚል። ተበሳጭተው ስለነበር ግን አንድ ሽቦ ከጡሩምባው ጋር አገናኙት፤ ፍሬን በያዙ ቁጥር ሞተሯ ትጮሃለች። ሽቦው እስኪገኝ ድረስ በየቤተ ክርስቲያኑ እየጮኽን ተሳለምን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያሰበው አልነበረም። ማታ ማታ ከገበያ የሚመለስ እግረኛ፣ አይሱዙ ላይ የተጫነ መንገደኛ፣ ከፊቱ ያቺ ክብ ቀይ መብራት ቦግ ስትል ያያል፤ ከዚያም አያ ኪሮስ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ሰዉ ቶሎ ገባው። ቀይ ሲበራ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። መብራቷ ቦግ ስትል ወንዱ ቆቡን ያወልቃል፣ ሴቱ ከነሸክሟ ጎንበስ ትላለች፤ ግደይ አይሱዙውን ያቀዘቅዛል፣ ላይ የተቀመጠው ሁሉ እንደ ስንዴ ማሳ እጥፍ ዘርጋ ይላል። የት ያለው ታቦት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አያ ኪሮስ ያውቃሉ። እኔም ከእንግዲህ ከኋላ የሚመጣብን እንደሌለ አምኜ ውዳሴዬን ሳላቋርጥ መድገም ቻልሁ።

አምደወርቅ ሊደረስ ሲል ኩርባ ላይ የወይዘሮ መድኅን ጠላ ቤት አለ። መድኅን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ባሏን የገደለው እዚያው ኩርባ ላይ ማታ ከገበያ ሲመለስ ከኋላው የመጣ የጭነት መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ ከደጇ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ የሞተር ድምፅ ከሰማችማ ጠላ የሚጠጣ ቢኖር እንኳ ጥላው ትወጣለች። አያ ኪሮስ እዚያ ሲደርሱ ደጇን ትንሽ አለፍ ብለው ፍሬን ይይዛሉ። መብራቷ ቦግ ትላለች። መድኅን ትገባለች። ጉድጓድ ስላለ ይመስለኝ ነበር፤ ጉድጓድም ነበረ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ነጋዴ መብራቷን አይቶ ከአይሱዙ ወረደና መድኅን ደጅ ላይ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ከላይ ያሉትም ሁሉ ጎንበስ ብለው ነበር።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው መድኅን።

«የማን ታቦት ነው እናቴ?»

«ኧረ ጠላ ነው ወንድሜ። ግባ።»

ይህን ስጽፍም አማትባለሁ።

ወሬው የአምደወርቁ ደብር አስተዳዳሪ ቄስ አድማሱ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። በማግሥቱ አይሱዙ ተሳፍረው ሰቆጣ መጡና ኃላፊያችን ቢሮ ገቡ። «ሕዝቤ ለጠላ እየሰገደ ነው!» ሲሉ ድምፃቸው ክትባት ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ኃላፊያችን ደግሞ መጀመሪያም መብራቱን አልወደዱትም፤ የመንግሥት ንብረት ላይ የቅባት ጣሳ መለጠፍ ከልባቸው ያማቸዋል። አያ ኪሮስ ተጠሩ። እኔም ምስክር ልሁን ብዬ ሳልጠራ ገባሁ።

«መብራቱ ይነቀል» አሉ ኃላፊው።

አያ ኪሮስ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጌታዬ፣ ሲስተርን ከኋላዬ አስቀምጬ በጨለማ አልሄድም። መብራቱ ከሚነቀል እኔን ዘበኛ አድርጉኝ።»

«ታዲያ ጠላ ቤት ፊት ምን ያስበራሃል?» አሉ ቄሱ።

«ጉድጓድ አለ፣ አባ።»

«ጉድጓዱ ይደፈናል» አሉ ቄስ አድማሱ።

«ከተደፈነ በኋላ እዚያ ቤት ፊት ከበራች በእጄ ነው የምነቅላት» አሉ ኃላፊው። ፍርዱ ይህ ሆነ።

ቄሱ ሰዉን አሰባስበው ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር አስደፈኑት፤ ኩርባው አውድማ መሰለ። የፈተናው ቀን እኔ እንደ ወትሮው ከኋላ ተቀመጥሁ። ኃላፊያችንና ቄስ አድማሱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይከተሉናል፤ ከነሱ ኋላ የግደይ አይሱዙ አለ፤ ኩርባው ላይ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ውዳሴ ማርያሙን ትቼ ወደ አጭሩ ዞርሁ፤ እግዚኦ መሐረነ አልሁ። መድኅን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከደጇ ቆማለች።

«አያ ኪሮስ፣ ቀኝ እግርዎን አንሡ» አልሁ በጆሮአቸው።

«አንሥቻለሁ።»

እውነታቸውን ነው፤ ከፍሬኗ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። ደጇ ደረሰ። ደጇ አለፈ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ጀርባቸው ላይ ተለጠፍሁ።

ኩርባው በሣቅ ፈረሰ። አይሱዙው ላይ ያለው ሕዝብ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ቀና ሲል እሱም ሣቀ። ኃላፊያችን ካቻቢቴ በእጃቸው ይዘው ወረዱ። ቄስ አድማሱ ቀደሟቸው።

«ኪሮስ! ጉድጓዱስ?»

«ተደፍኗል፣ አባ።»

«ታዲያ?»

አያ ኪሮስ ቆባቸውን አወለቁ። መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉ፤ «ባሏ እዚችው ላይ ነው የሞተው። ሞተር በሰማች ቁጥር ወጥታ ትቆማለች። ካበራሁላት፣ በሰላም አለፈ ብላ ትገባለች። ዝም ብዬ ካለፍሁ ቆማ ትቀራለች። ላልፍ ሞከርሁ፣ አባ። እግሬ እምቢ አለኝ።»

ሣቁ ቆመ። ቄሱ ወደ ደጁ ዞሩ። «መድኅን፣ እውነት ነው?»

መድኅን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እሱ ካላለፈ ራት አይወርድልኝም» አለች።

ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን እንደያዙ አንዴ እሳቸውን አንዴ እሷን ሲያዩ ቆዩና ተቆጡ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ሳትነግሩኝ ሕዝቤን በከንቱ ታሰግዱታላችሁ? አንተ ሰው፣ ሽማግሌ ይላካል እንጂ መብራት ይላካል?»

«አፈርሁ፣ አባ።»

«እኔው እላካለሁ። አሁኑኑ ተልኬአለሁ። መድኅን፣ ምን ትያለሽ?»

«ግቡ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁኛ» አለች።

«መብራቱስ?» አሉ ኃላፊያችን ካቻቢቴያቸውን እንደያዙ። «እነቅላለሁ ብያለሁ እኮ።»

«ቤቱ ከሆነ ደጁ ላይ ፍሬን ቢይዝ ማን ይከለክለዋል?» አሉ ቄሱ። ኃላፊያችን ጥቂት አሰቡና ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸውም ገብተው ጠላ ጠጡ። ጾም አልነበረም።

ከዓቢይ ጾም በፊት ተጋቡ። ሙሽራዋ በበቅሎ አልሄድም፣ በዚያች ሞተር ነው የምሄደው አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዬን ለሌላ ሰው ለቅቄ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። አያ ኪሮስ ኋላም ሥራቸውን ከነሞተሯ ወደ አምደወርቅ አዛወሩ። ዶሮዋም ከነሄልሜቷ ተከትላቸው ሄደች።

እኔ ባለቤቴን ተከትዬ ወደዚህ ወደ ነገሌ ስመጣ፣ ሊሸኙኝ ሰቆጣ ድረስ መጡ። አውቶቡሳችንን በሞተር ቀድመው ወጡ። ከከተማው መጨረሻ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርሱ መብራቷ ቦግ አለች፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው አማተበ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ቦግ አደረጓት። ሰው ሁሉ አሁንም አማተበ። እኔ ግን ያን መንገድ አውቀዋለሁ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከጋራው ጀርባም የለም። አላማተብሁም። በመስኮቱ እጄን አወጣሁላቸው።

ዘነበች ካርድ ሞልታ መልሳ ደውላልኝ ነበር። ለካ እሷም ወሬውን የሰማችው ሰቆጣ ሆና ነው። አንዱ፣ ሞተሯን የያዘው ሰው አውቆ ፍሬን ያዘ ይላታል። ሌላው፣ አስከሬን የተሸከሙት ድንገት ኩርባው ላይ ስለቆሙ እሱም ቆመ፤ መብራቷም በራች ይላታል። ሌላው ደግሞ፣ መብራቷ ሞታ ነበር እንጂ አልበራችም ይላል። ሕዝቡ ግን ጎንበስ ብሏል፤ በዚህ ሁሉም ይስማማሉ።

በቀብሩ የነበራችሁ የአምደወርቅና የሰቆጣ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። መብራቷ በርታ እንደሆነ ያያችሁትን ላኩብኝ፤ እኔ እዚህ ለነፍሳቸው ሻማ ያበራሁት ይህን ሳላውቅ ነውና ልቤ እንዲያርፍ። አልበራች እንደሆነም አትደብቁኝ፤ ምናልባት ከሽቦዎቹ አንዱ ተነቅሎ ይሆናል፤ ከገባ በኋላ እምቢ ካለ ግራና ቀኙን ለዋውጡት። ሞተሯ ማን እጅ እንደገባች አላውቅም፤ ማንም ሁን፣ ማታ በዚያ ኩርባ የምታልፍ ከሆነ ደጁን ትንሽ አለፍ በልና ፍሬን ያዝ። መድኅን ቆማ ይሆናል። ገብታ ራቷን ትብላ።